አገር ከመስጠትሽ በፊት

ልጄ፣ እሑድ ማታ የላክሽው መልእክት ደርሶኛል። «ጋሼ፣ ስድስት እርምጃ ያለውን እንቆቅልሽ በሁለት ደቂቃ ፈታሁት፤ ሦስት እርምጃ ብቻ ያለው ግን አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፣ እሱንም ተሳሳትኩ፣ ስልኩም ነጥቤን ቀነሰው። ምን ነካኝ?» ብለሻል። ምንም አልነካሽም። ሥዕሉን እንደላክሽልኝ ሰሌዳዬ ላይ ደረደርኩት። ስገላብጠው አምሽቼ መልሱ የመጣልኝ በማግስቱ ቡናው ሲቆላ ነው። ሃምሳ ዓመት ቼዝ የተጫወተ ሰው እንዲህ ሲልሽ ትንሽ ተጽናኚ።

እናትሽ «በስልክ አታስረዳት፣ ወሬህ ማሰሪያ የለውም» ስላለችኝ በቁጥር ከፋፍዬ ጽፌልሻለሁ። ቁጥሩም ቢሆን ብዙ የሚያግደኝ አይመስለኝም።

1. የእርምጃውን ብዛት አትቁጠሪ። አንቺ የምትፈቺበት ሊቸስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ያሉት እንቆቅልሾች ሰው ተቀምጦ የፈጠራቸው አይደሉም። ሰዎች ከተጫወቷቸው እውነተኛ ጨዋታዎች ኮምፒውተር እየለቀመ ያወጣቸው ናቸው፤ በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ኮምፒውተሩ መልሱን ያውቃል፤ የትኛው ለሰው እንደሚከብድ ግን አያውቅም። ለእሱ ሁሉም እኩል ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ እንቆቅልሽ እንደ ተጫዋች የራሱ ነጥብ አለው። ከፈታሽው አሸነፍሽው፣ ከተሳሳትሽ አሸነፈሽ፤ የአንቺ ሲወርድ የእሱ ይወጣል። እንግዲህ 2400 ነጥብ የያዘ ባለ ሁለት እርምጃ እንቆቅልሽ ስታገኚ፣ ብዙ ጎበዝ ሰው እዚያችው አንዲት ድንጋይ ላይ ተደናቅፏል ማለት ነው። ረጅሙ ደግሞ ቀላል የሚሆንበት ምክንያት አለው። ቼክ በቼክ ላይ እየተከተለ፣ ባላጋራሽ በየጊዜው አንድ መሄጃ ብቻ ካለው፣ ስድስት እርምጃ ማለት የለመዱትን ደረጃ በጨለማ መውረድ ነው። እግርሽ ራሱ ያውቀዋል።

2. ዓይንሽ ገና ሳያስብ የጣለውን መልሰሽ አንሺ። ልነግርሽ ከፈለግሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ታገሺኝ።

እ.ኤ.አ. በ1895 በስኮትላንድ፣ በግላስጎው ከተማ፣ ዦርዥ ባርቢየ የሚባል ሰው በአንድ ጋዜጣ ላይ የቼዝ አምድ ነበረው። አንድ አቀማመጥ አወጣና፣ ጥቁሩ አቻ ይወጣበታል ብሎ መልሱን አሳተመ። እዚያው ከተማ የሚኖር ፈርናንዶ ሳቬድራ የሚባል ስፔናዊ ቄስ አየውና፣ የለም፣ ነጩ ያሸንፋል አለ። የቄሱ ስም በቼዝ ዓለም የሚነሳው በዚያች አንዲት እርምጃ ነው፤ ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ ሲነሳ ይኖራል።

ሰሌዳሽን አምጪና ዛሬ በሚታወቅበት መልኩ ደርድሪው። ነጭ ንጉሥ ቢ6፣ ነጭ ወታደር ሲ6። ጥቁር ንጉሥ ኤ1፣ ጥቁር ግንብ ዲ5። ተራው የነጭ ነው። ወታደሩ ወደ ሲ7 ይገፋል። ግንቡ ሲ5 ላይ ቢመጣ ንጉሡ ይበላዋል፤ ስለዚህ ያለው አማራጭ ቼክ እያለ መከተል ነው። ዲ6 ላይ ቼክ፣ ንጉሡ ቢ5። ዲ5 ላይ ቼክ፣ ንጉሡ ቢ4። ዲ4፣ ንጉሡ ቢ3። ዲ3፣ ንጉሡ ሲ2። አሁን ቼኩ አለቀ፤ ወታደሩ ሊነግሥ ነው። ጥቁሩ ግን አንዲት ተንኮል ቀርታዋለች፤ ግንቡን ዲ4 ላይ ያስቀምጣል። ነጩ ንግሥት ካወጣ ግንቡ ሲ4 ላይ ዘሎ ቼክ ይላል። ንግሥቷ ካልበላችው ራሷ ትበላለች። ስትበላው ደግሞ ጥጉ ላይ ያለው ጥቁር ንጉሥ ቼክ ሳይባል መሄጃ ያጣል። ስቴልሜት ነው፤ አቻ። ባርቢየ የቆመው እዚህ ላይ ነበር።

ሳቬድራ ንግሥት አላወጣም። ግንብ አወጣ። አሁን ስቴልሜት የለም፤ በዚያ ላይ ነጩ ኤ8 ላይ ቼክ ሜት ሊል ነው። ጥቁሩ ግንቡን ኤ4 ላይ አምጥቶ ይከላከላል። ነጩ ንጉሡን ወደ ቢ3 ያስጠጋል። ይህቺ አንዲት እርምጃ ግንቡን ልትበላ ነው፤ ሲ1 ላይ ቼክ ሜትም ልትል ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ መከላከል አይቻልም።

ይህን አቀማመጥ ለአንድ ልብስ ሰፊ ወዳጄ ደረደርኩለት። ሦስት ቀን ሙሉ ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀምጦ ሲያየው ሰነበተ። ንጉሡን በማይሆንም በሚሆንም መንገድ አዟዟረው። ወታደሩ ሲ8 በደረሰ ቁጥር ግን እጁ ባለቤቱን ሳያማክር ንግሥት ያነሳል። በሦስተኛው ቀን ነጯን ንግሥት ከሳጥኑ አውጥቼ ኪሴ ከተትኳትና «ንግሥቲቱ ጠፍታለች» አልኩት። ሱሪ እየተኮሰ ነበር፤ ካውያውን ሳያስቀምጥ ፈታው።

አየሽ፣ ማስላት አልጎደለውም። የሚያሰላው ነገር ዝርዝር ውስጥ ግንብ የሚባል አልነበረም። አንቺም ስትቸገሪ በስሌትሽ ላይ ስሌት አትጨምሪ። የምትመኪባትን እርምጃ ለአምስት ደቂቃ ኪስሽ ክተቻት። የለችም በይ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ምን እንደቀረ ተመልከቺ።

3. ዳማውን እርሺ። ሰፈራችን ልጅ ሆነን በቆርኪ ዳማ ስንጫወት መብላት ግዴታ ነበር፤ ካልበላሽ ትቀጪያለሽ። ከዳማ ወደ ቼዝ የመጣ ሰው እጁ ለመብላት ይቸኩላል። አሠልጣኞችም መጀመሪያ ቼክ፣ ቀጥሎ መብላት፣ ቀጥሎ ማስፈራራት ብለው ያስተምራሉ። ትክክል ናቸው፤ እኔም እንዲሁ ነው ያስተማርኩሽ። ነገር ግን ለሰው የሚከብዱት እንቆቅልሾች ብዙውን ጊዜ ከዚያ ዝርዝር ውጪ የሆነች እርምጃ አለችባቸው። ቼክ የማትል፣ የማትበላ፣ ንጉሡን አንድ ቤት ገሸሽ የምታደርግ ወይም ጳጳሱን ጥግ ላይ የምታስቀምጥ ዝምተኛ እርምጃ። ንግሥትሽን ሠውተሽ፣ ግንብሽን ሠውተሽ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ድንገት ዝም ማለት ይከብዳል። ሦስቱን ጠይቀሽ ከጨረስሽ በኋላ አራተኛ ጥያቄ ጨምሪ፤ ባላጋራዬ አሁን ምንም ማድረግ ባይችል እኔ በእርጋታ ምን አደርግ ነበር?

4. በእግርሽ የለመድሽው ርቀት ሰሌዳ ላይ አይሠራም። ሪቻርድ ሬቲ እ.ኤ.አ. በ1921 ያወጣውን አቀማመጥ አልረሳሽውም መሰለኝ፤ ገና አሥራ አንድ ዓመትሽ ሳለ አሳይቼሽ «ጋሼ ታታልላለህ» ብለሽኛል። ነጭ ንጉሥ ኤች8 ጥግ ላይ፣ ወታደሩ ሲ6። ጥቁር ንጉሥ ኤ6፣ ወታደሩ ኤች5። ነጩ ይጀምራል፣ የሚፈለገውም አቻ ብቻ ነው። ላየው ሰው ያለቀ ነገር ነው። ጥቁሩን ወታደር ቢያባርር አይደርስበትም፤ የራሱን ወታደር ሊረዳ ቢሄድ ጥቁሩ ንጉሥ ቀድሞ ይበላበታል።

ነጩ በሰያፍ ይወርዳል፤ ጂ7፣ ኤፍ6፣ ኢ5። ጥቁሩ መሐል ላይ ንጉሡን ወደ ቢ6 አምጥቶ ሲ6 ያለውን ከበላ፣ ነጩ ኤፍ4 ላይ ወጥቶ ወታደሩን ይደርስበታል። ወታደሩን መግፋት ከመረጠ ደግሞ ነጩ ዲ6 ገብቶ የራሱን ያነግሣል፤ ሁለቱም ያነግሣሉ፣ አቻ ይሆናል። ምሥጢሩ ይሄ ነው። ከኤች8 ወደ ኤች5 በቀጥታ ሦስት እርምጃ ነው፤ ከኤች8 ወደ ኢ5 በሰያፍም ሦስት እርምጃ ነው። ንጉሡ ወደ ሁለት ቦታ በአንድ መንገድ ሄደ፣ መንገዱም አልረዘመበትም። እኛ ግን መርካቶን በእግራችን እያቋረጥን ስላደግን ዓይናችን ሰያፉን ያስረዝመዋል። ስለዚህ በዓይንሽ አትለኪ፤ ቤቶቹን በጣትሽ ቁጠሪ። በአደባባይ የሚያሳፍርሽ ከሆነ በጠረጴዛው ሥር ቁጠሪ።

5. ጥሩ እርምጃ ስታገኚ ተጠራጠሪ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቢላሊች፣ ማክሊዮድና ጎቤ የተባሉ ተመራማሪዎች ጠንካራ ተጫዋቾችን አስቀምጠው ሁለት መልስ ያለው አቀማመጥ ሰጧቸው። አንደኛው መልስ እያንዳንዱ ተጫዋች በልጅነቱ የሚማረው ነው፤ ንግሥት ይሠዋና ንጉሡ በራሱ ሰዎች ታፍኖ በፈረስ ይሞታል። ሁለተኛው ከዚያ ያጠረ ነው፣ ግን ያን ያህል አይታወቅም። ተጫዋቾቹ የሚያውቁትን ወዲያው አገኙ። ያጠረ መንገድ ፈልጉ ተባሉ። እየፈለግን ነው አሉ። ተመራማሪዎቹ ግን ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ በመሣሪያ እየተከታተሉ ነበርና፣ ዓይናቸው ከታወቀው መንገድ ቤቶች አልነሣ ብሏል። አልዋሹም፤ እውነት እየፈለጉ መስሏቸዋል። የታወቀው መንገድ በማይሠራበት ሌላ አቀማመጥ ላይ ግን ያንኑ አጭር መልስ ያገኙታል።

እዚህ ላይ ትንሽ የሚያናድድ ነገር አለ። ዊልያም ቼይስና (ስሙ ነው፣ ጨዋታው አይደለም) ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳዩት፣ የቼዝ ጌቶች የእውነተኛ ጨዋታ አቀማመጥን ለጥቂት ሰከንድ አይተው ከአእምሯቸው መልሰው ይደረድሩታል፤ ጠጠሮቹ እንዲያው በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን ብልጫቸው እንዳልነበረ ይሆናል። ጉልበታቸው የተከማቸ ቅርጽ ነው። ለዚህ ነው ላስሎ ፖልጋር 5334 ልምምድ የያዘ መጽሐፍ ሲያዘጋጅ አብዛኛውን በሁለት እርምጃ በሚያልቅ ቼክ ሜት የሞላው። አንቺም ቀላሉን በብዛት ሥሪ፣ ቅርጹ ይግባብሽ። ግን የሚያሳይሽ ቅርጽ ራሱ ጋራጅ ይሆንብሻል። ለዚህ መድኃኒት አገኘሁ የሚል ሰው ገና አላጋጠመኝም። እኔ የማደርገው አንድ ነገር ነው፤ ተነሥቼ ከሰሌዳው ማዶ እቀመጣለሁ፣ በጥቁሩ በኩል አያለሁ። ስልክ ላይ ሰሌዳውን መገልበጥ ይቻላል ብለሽኝ አልነበር? ገልብጪው።

6. የሄደው ሄዷል። የሶቪየት አያት መምህርና የሥነ ልቦና ሰው የነበረው ኒኮላይ ክሮጊየስ በሐሳባችን ስለሚቀር የአሮጌ ሥዕል ጥላ ጽፏል። («አያት መምህር» ያልኩት ግራንድማስተር ለማለት ነው፤ ቃሉ የእኔ ነው፣ ብትስቂ አልቀየምም።) በሐሳብሽ ፈረሱን ከዲ5 አንሥተሽ ኤፍ6 ላይ አስቀመጥሽው፤ ከሦስት እርምጃ በኋላ ግን አሁንም ዲ5 ላይ ቆሞ ይጠብቅልሻል፤ ጥላው ቀርቷል። ወይም በሐሳብሽ የተበላው ወታደር አሁንም መንገድ ይዘጋል። ስልክ ደግሞ ይህን ያባብሰዋል፤ ዓይንሽ ያልተነካውን ሥዕል እያየ አእምሮሽ ሌላ ሥዕል ሊስል ይሞክራል። በእያንዳንዱ የሐሳብ እርምጃ በለሆሳስ ሁለት ነገር ተናገሪ፤ የትኛው ቤት ባዶ ሆነ፣ የትኛው መስመር ተከፈተ። ታክሲ ውስጥ ከሆንሽ ከንፈርሽን አታንቀሳቅሺ፣ አጠገብሽ ያለው ሰው ቦታ ይቀይራል።

7. ወረራ አትጫወቺ። ድሮ አገራችን ውስጥ ይጫወቱት በነበረው፣ ሰንጠረዥ በሚባለው ቼዝ፣ ጨዋታው ሲጀመር ተራ መጠበቅ አልነበረም። ሁለቱም እንደፈለጉ፣ እኩል እየተሽቀዳደሙ ሠራዊታቸውን ያሰልፉ ነበር፤ የመጀመሪያው መብላት ሲመጣ ነበር ተራ የሚጀመረው። ያ መክፈቻ ወረራ ይባል ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ሰንጠረዥ ባሳተሙት ጽሑፍ ላይ ታገኚዋለሽ፤ ውብ ነገር ነው። እንቆቅልሽ ስትፈቺ ግን ወረራ የሚሆንብሽ ሳታውቂው ነው። ግንቤ እዚህ፣ ፈረሴ እዚያ፣ ከዚያ ንግሥቴ ትገባና ቼክ ሜት። ባላጋራሽ በዚያ ሁሉ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

ካዛንቺስ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ንግሥቱን በላሁበት፤ ወዲያው የእኔን እንደሚበላ እርግጠኛ ስለነበርኩ ሻዬን አነሣሁ። አልበላም። መጀመሪያ በፈረሱ ቼክ አለኝ። ንጉሤን አንቀሳቀስኩ። በዚያው ፈረስ ግንቤን በቼክ በላ። ንጉሤን ደግሜ አንቀሳቀስኩ። ከዚያ ተመልሶ፣ ቦታዋ ላይ ቆማ ስትጠብቀው የነበረችውን ንግሥቴን በላ። ሻዩ ገና ትኩስ ነበር። ባላጋራ ሊበላ የሚገባውን ወዲያው ይበላል ብለሽ አትመኚ፤ መሐል ላይ አንዲት ቼክ ማስገባት ይችላል። ከባድ የምትያቸውን እንቆቅልሾች ብትመረምሪ ግማሹ አንቺ የራስሽን እርምጃ ሳታጪ የእሱን መልስ ያጣሽባቸው ናቸው። በእያንዳንዱ እርምጃሽ ላይ የእሱን ምርጥ መልስ ፈልጊ፤ ለእሱ ታማኝ ጠበቃ ሁኚለት።

8. ጨዋታ ውስጥ ማንም አይነግርሽም። እ.ኤ.አ. በ2006 ቦን፣ ጀርመን፣ የዓለም ሻምፒዮኑ ቭላዲሚር ክራምኒክ ዲፕ ፍሪትስ ከሚባል ኮምፒውተር ጋር ስድስት ጨዋታ ተጫውቷል። በሁለተኛው ጨዋታ ንግሥቱን በልበ ሙሉነት ኢ3 ላይ አኖረ፤ ኮምፒውተሩም ኤች7 ላይ ንግሥቱን አሳርፎ ቼክ ሜት አለው። በአንዲት እርምጃ! ኤች7ን ይጠብቅ የነበረው ነጩ ፈረስ ኤፍ8 ላይ ነበር፤ ሰሌዳው ጫፍ ደርሶ ወደ ኋላ ዞሮ የሚጠብቅ ፈረስ። እንዲህ ያለ ቅርጽ በየቀኑ አይታይም። ወደ ኋላ የሚሠራ ነገር ለሰው ይሰወራል፤ የምናጠቃው ወደ ፊት ስለሆነ ዓይናችንም ወደ ፊት ነው። ዮሐናን አፌክና ኢማኑኤል ኔይማን እ.ኤ.አ. በ2011 ስለማይታዩ እርምጃዎች አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ወደ ኋላ የሚመለሱ ፈረሶች እዚያ ሞልተዋል።

ያንን አቀማመጥ እንቆቅልሽ ብለሽ ለጀማሪ ብትሰጪው በሰከንድ ይፈታዋል፤ እዚህ አንድ ነገር አለ ተብሎ ስለተነገረው። ስለዚህ የእንቆቅልሽ ነጥብሽ ከጨዋታ ነጥብሽ በጣም ቢበልጥ አትገረሚ፤ እኔም ዘንድ እንደዚያው ነው። የተነገረሽን መፈለግና ያልተነገረሽን ማየት ለየቅል ናቸው።

9. አገር ለመስጠት አትቸኩዪ። ልጆች ሆናችሁ እናትሽ ማታ ማታ «እንቆቅልሽ» ስትላችሁ፣ «ምን አውቅልሽ» ብላችሁ፣ ሲያቅታችሁ አገር ትሰጧት ነበር። አንቺ ጎንደርን ለመስጠት ሰዓት ታጠፊ ነበር፤ ወንድምሽ ግን ገና ጥያቄው ሳያልቅ አዲስ አበባን ይለቅ ነበር። አሁን ስልኩ ላይ ያለችው መልሱን የምታሳይ ቁልፍ ያው አገር መስጠት ናት። ከመንካትሽ በፊት ሩብ ሰዓት ስጪው። የመጀመሪያዋን እርምጃ ከማንቀሳቀስሽ በፊት እስከ መጨረሻ ያሰብሽውን በእርሳስ ጻፊ፤ በዕድል ልክ ሆና የተገኘች እርምጃ ምንም አታስተምርሽም። ከተሸነፍሽ አገሩን በክብር ስጪ፣ ከዚያ መልሱን አንብበሽ አትለፊ፤ የጻፍሽው ወረቀት ላይ የትኛዋን እርምጃ ሳታዪያት እንደጣልሻት ፈልጊ። ከስምንት ቀን በኋላ ደግሞ ያንኑ መልሰሽ ሥሪ። ስለ ነጥቡ እናትሽ ፊት አታልቅሺ፤ እኔን ነው የምትቆጣው።

ሦስት እርምጃዋን በተመለከተ፣ መልሱን አልጽፍልሽም። ቅዳሜ ስትመጪ የመስኮቱ ጠረጴዛ ላይ ተደርድራ ትጠብቅሻለች፤ የጠፋችው ጥቁር ወታደር አሁንም በቆርኪ ነው የምትተካው። ነጩን ጳጳስ ኪሴ ውስጥ ታገኚዋለሽ።